አዲስ ፒፓን ስለ ማሟሸትና ለዚሁ ስለሚቀመመው ትምባሆ

ከጥሩ እንጨት የተጠረበ ፒፓ ከጠራቢው እጅ ወጥቶ በመደብር መስኮት ሲታይ፥ ውጪው በሰም ታሽቶ ስለሚያንጸባርቅ፥ መምጠጫውም ስለ ተወለወለ፥ የእንጨቱም መሥመር ከሥር እስከ አፉ ድረስ በቀጥታ ስለሚወጣ፥ ገዢው ሥራው ሁሉ የተፈጸመ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ጣቱን ወደ ሆዱ አስገብቶ ቢዳስስ የሚያገኘው ገና እሳት ያላየ ራቁት እንጨት ነው፤ እንጨት ደግሞ፥ ምንም ያህል ጽኑዕ ቢሆን፥ ከፍም ጋራ በአንድ ቤት ይኖር ዘንድ በተፈጥሮው አልተሰናዳም። ፒፓው በእውነት ፒፓ የሚሆነው፥ የውስጥ ግድግዳው ከትምባሆው በሚወጣው ከሰል ቀስ በቀስ ተለብጦ በእሳቱና በእንጨቱ መካከል መጋረጃ ሲቆምለት ነው። ይህንም መጋረጃ የሚሠራው ጠራቢው ሳይሆን አጫሹ ራሱ ነው። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ በገዙ ጊዜ በጎመንዘር እያሹ እስኪያሟሹት ድረስ እንጀራ እንደማይጋግሩበት ሁሉ፥ የፒፓን ጠባይ የሚያውቅ ሰውም አስቀድሞ ያሟሸዋል እንጂ በመጀመሪያው ቀን የሚወደውን ትምባሆ አይሞላበትም።

ስለዚህ ለማሟሻ የሚሆነውን ትምባሆ መቀመም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ቀማሚ በሌላው ጊዜ ሁሉ የሚደክመው ለአጫሹ ምላስና አፍንጫ ነው፤ ጣፋጩን ከመራራው፥ ቀላሉን ከከባዱ፥ መዓዛ ያለውን ከሌለው ጋራ እያስማማ አንድ ኅብር እስኪያገኝ ድረስ ይመዝናል፥ ያሸታል፥ ይቀምሳል። ለማሟሻ በሚቀምምበት ጊዜ ግን የሚያገለግለው እንጨቱን ነው፤ ለእንጨቱ ደግሞ መዓዛና ጣዕም ምኑም አይደሉም፤ ቁም ነገሩ የሚነደው ቅጠል ምን ያህል እንደሚግል፥ ምን ያህል ርጥበት እንደሚያወጣ፥ ካለቀም በኋላ በግድግዳው ላይ ምን ዓይነት ከሰልና ምን ዓይነት ሽታ ጥሎ እንደሚሄድ ነው። ብዙ ጥሩ ፒፓዎች ገና በአዲስነታቸው የሚሰነጠቁት፥ የሚቃጠሉት፥ ወይም ለዘወትር ጎምዛዛ ሆነው የሚቀሩት፥ ባለቤቶቻቸው የፊተኞቹን ቀኖች ለእንጨቱ ጥቅም ሳይሆን ለገዛ ደስታቸው ስላዋሏቸው መሆኑን በጽኑ አምናለሁ።

የትምባሆው ነገር በደንብ እንዲገባን ስለ እንጨቱ አስቀድሞ መናገር ይገባል። ይህ እንጨት ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ በስሜንና በባሌ ተራሮች፥ ከጥቅጥቁ ደን በላይ በሚገኘው ብርዳም ከፍታ የሚበቅለው፥ ቅጠሉ ደቃቅ፥ አበባው ነጭና ጥቃቅን የሆነው አስታ፥ የዕፀዋት ሊቃውንት ኤሪካ አርቦሪያ የሚሉት፥ እርሱ ራሱ ነው። ያው ዘር በሜዲቴራንያን ባሕር ዙሪያ፥ በኮርሲካና በሰርዲንያ ደሴቶች፥ በኢጣልያ በካላብርያና በቶስካና፥ በግሪክም በአልጀርያም፥ ዝናም በሚያጥርበት ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ቍጥቋጦ ሆኖ ይበቅላል። የፒፓ ጠራቢዎች የሚፈልጉት ግንዱን አይደለም፤ ግንዱና ሥሩ በሚገናኙበት ስፍራ፥ ከአፈሩ ሥር ተደብቆ ብዙ ዐሥርት ዓመታት እየወፈረ የሚያድገውን ጉጥ ነው። ሰደድ እሳት ላዩን ቅርንጫፍ ሁሉ በልቶት ሲያልፍ ተክሉ እንደ ገና የሚያቈጠቍጠው ከዚህ ጉጥ ነው፤ በባሌም እረኞች ለከብት ግጦሽ ሲሉ አስታውን ባቃጠሉት ቍጥር ዳግመኛ ለምልሞ የሚታየው በዚሁ ጠባዩ ምክንያት ነው። መሥመሩ እርስ በርሱ የተጠላለፈ፥ አካሉም ጥብቅ ስለ ሆነ፥ ጉጡ ሌላ እንጨት የማይችለውን ግለት ይታገሣል፤ የጢሱንም ርጥበት ወደ ውስጡ መጥጦ፥ ዕረፍት ሲያገኝ መልሶ ይተነፍሰዋል።

ከዚህ እንጨት በፊት አውሮጳውያን በብዛት የሚያጨሱት በሸክላ ፒፓ፥ ባለጠጎቹም በቱርክ አገር በኤስኪሸሂር አካባቢ ከሚቈፈረው ሜርሻውም ከተባለው ነጭና ቀላል ድንጋይ በተቀረጸ ፒፓ ነበር። ሸክላው ጣትን ያቃጥላል፥ በጥቂት ነገርም ይሰበራል፤ ድንጋዩ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአስታው ጉጥ በፈረንሳይ አገር በዡራ ተራሮች መካከል ወደምትገኘው ወደ ሴን ክሎድ ከተማ ደረሰ። የከተማዪቱ ጠራቢዎች የቅዱስ ክሎድን ዐፅም ለመሳለም ከሩቅ ለሚመጡ መንገደኞች መቍጠሪያና ልዩ ልዩ የጸሎት ዕቃ ከእንጨት እየቀረጹ ሲሸጡ የኖሩ ስለ ነበሩ፥ አዲሱን እንጨት በተቀበሉ ጊዜ የእጅ ትምህርት አላስፈለጋቸውም፤ ብዙም ሳይቈይ የፒፓ ሥራ ዋና መዲና ሴን ክሎድ ሆነች።

ጉጡ ከመሬት ከወጣ በኋላ በድንገት ደርቆ እንዳይሰነጠቅ በርጥብ ስፍራ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ከዚያ በመጋዝ ተቈራርጦ፥ ጭማቂው እንዲወጣ በፈላ ውሃ ግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይቀቀላል፤ ቀጥሎም በጥላ ሥር ለወራት፥ በአንዳንዱ ቤት ለዓመታት፥ በዝግታ ይደርቃል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢሆን ከእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ መራራው ጭማቂ ፈጽሞ አያልቅም፤ አዲስ ፒፓ በመጀመሪያ ሲጨስ አፍን የሚያኮማትር፥ ያልበሰለ ፍሬ የሚመስል ጣዕም የሚሰጠው ከዚህ የተነሣ ነው። በለንደን የአልፍሬድ ደንሂል ቤት እንጨቱን በዘይት አርሶና አግሎ ይህን ጭማቂ የሚያወጣበት ዘዴ ስላወጣ፥ በዚያ መንገድ የተሠራ ፒፓ ደግሞ በፊተኞቹ ቀኖች የራሱን የዘይት ጣዕም ይሰጣል። ስለዚህ ማሟሸት ሁለት ሥራ አለው፤ አንደኛው ከእንጨቱ ውስጥ የቀረውን ባዕድ ነገር በለዘበ ሙቀት ማስወጣት፥ ሁለተኛው በግድግዳው ላይ የከሰሉን ሽፋን መሥራት ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፥ በአንድ ቅጠል፥ በአንድ ዓይነት እሳት ሊፈጸሙ ይገባል፤ የቀማሚው ችግርም ከዚህ ይጀምራል።

ለማሟሻ ቅመም መሠረት ሊሆን የሚገባው በርሊ የተባለው የአሜሪካ ትምባሆ ነው ብዬ ያለ ማመንታት እናገራለሁ። በአውሮጳውያን አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ1864 ዓ.ም. በኦሃዮ ግዛት ጆርጅ ዌብ የተባለ ገበሬ ከኬንታኪ የመጣ ዘር ባፈላ ጊዜ፥ ከችግኞቹ መካከል ከሌላው የተለዩ፥ ቀለማቸው የገረጣ ተክሎች ብቅ አሉ፤ ዛሬ ነጭ በርሊ የሚባለው ዘር ከእነዚህ የተገኘ ነው። ቅጠሉ ከተቈረጠ በኋላ እሳት አይነካውም፤ ነፋስ እንደ ልቡ በሚገባበትና በሚወጣበት ጐተራ ውስጥ ተሰቅሎ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይቈያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቅጠሉ ከግንዱ ቢለይም ሕይወቱ ወዲያው አትወጣም፤ እየተነፈሰ፥ በውስጡ ያከማቸውን ስኳር ቀስ በቀስ እየበላ ይጨርሰዋል፤ በመጨረሻም ቡናማ፥ ቀላል፥ ውስጠ ክፍት ሆኖ ይደርቃል። ለእንጨቱ የሚጠቅመው ይህ የስኳር ማነስ ነው። ስኳር የሌለው ቅጠል ሲነድ ነበልባሉ አይቸኩልም፥ ጢሱ ደረቅ ነው፥ ከታችም የሚያለቅስ ጥቍር ፈሳሽ አያጠራቅምም፤ አመዱ ደቃቅና ግራጫ ሆኖ ይቀመጣል፥ በግድግዳው ላይ የሚቀረውም ከሰል ስስ፥ ደረቅና ጠንካራ ነው። በዚህም ላይ ሌላ ቅጠል የሚያመጣውን ትርፍ ርጥበት እርሱ ይመጥጣል፤ ቀማሚዎች በርሊውን መርጠው ማርና ካካዎ፥ የወይን መጠጥና ሞላሰስ የሚያጠጡት ስለዚሁ ጠባዩ ነው። በአሜሪካ በ1907 ዓ.ም. የወጣው ፕሪንስ አልበርት የተባለው ትምባሆ፥ በየሸቀጥ መደብሩ በርካሽ የሚሸጥ ሆኖ ሳለ፥ አዋቂዎች አጫሾች አዲስ ፒፓ በገዙ ቍጥር የሚፈልጉት መሠረቱ በርሊ በመሆኑ ነው። ርካሽነቱን አይቶ የሚንቀው ሰው ለምላስ የሚሆነውንና ለእንጨት የሚሆነውን ሳይለይ ቀርቷል።

በርሊ ስኳሩ ቢያንስም ኒኮቲኑ ከፍ ያለ ነው፤ የጢሱም ጠባይ ኮምጣጣ ስላልሆነ ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ ሥጋ በኩል ወደ ደም ይዘልቃል፥ አጫሹ ጢሱን ወደ ሳንባው ባይስበውም እንኳ ራሱን ሊያዞረው ይችላል። ሐኪሞች ፒፓ የከንፈር፥ የአፍና የጕሮሮ ነቀርሳ እንደሚያመጣ ካረጋገጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። በአገራችንም ቤተ ክርስቲያን ትምባሆን አጥብቃ ስትነቅፍ ኖራለች፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በአዋጅ ከልክለውት ነበር፤ በአንዳንዱ አውራጃ በቅል የሚጠጣው ጋያ ቢኖርም ፒፓ በእኛ ዘንድ ብዙ ወዳጅ ያላፈራው በከፊል ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ይህን የምጽፈው የማያጨሰውን ለማስጀመር አይደለም፤ የእሳትን፥ የእንጨትንና የቅጠልን ጠባይ አጥንቶ ሦስቱን የሚያስታርቅ የእጅ ጥበብ፥ ባንከተለውም እንኳ፥ ልናውቀው የሚገባ ሆኖ ስለ ታየኝ ነው።

ከበርሊ ቀጥሎ የሚመጣው ቨርጂንያ ነው፤ የእርሱም ታሪክ ሊነገር የሚገባ ነው። በ1839 ዓ.ም. በሰሜን ካሮላይና በካስዌል አውራጃ አቢሻ ስሌድ በተባለ ጌታ እርሻ ላይ ስቲፈን የሚባል ባርያ ቅጠል በሚደርቅበት ጐተራ ሌሊት እሳት ሲጠብቅ እንቅልፍ ወሰደው፤ ነቅቶ እሳቱ ሊጠፋ ሲል ቢያይ ወደ ቀጥቃጭ ቤት ሮጦ ከሰል አምጥቶ ጨመረበት፤ ድንገተኛው ደረቅ ግለት ቅጠሉን እስከዚያ ጊዜ ያልታየ ደማቅ ቢጫ አደረገው። ከዚያ ጀምሮ የአካባቢው ገበሬዎች ይህን ግለት በሥርዓት ማምጣት ተማሩ፥ የቢጫው ትምባሆ ንግድም በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠር ሀብት አፈራ፤ ከዚያ ሀብት ለስቲፈን የደረሰው ግን የለም፥ ስሙ መቅረቱ ብቻ ነው፤ ሊዘነጋም አይገባውም። ግለቱ ቅጠሉ ስኳሩን በልቶ ከመጨረሱ በፊት ስለሚያደርቀው፥ አንዳንድ ጊዜ ከቅጠሉ ክብደት እስከ አምስተኛው እጅ የሚደርስ ስኳር ውስጡ ይቀራል። ለዚህ ነው ቨርጂንያ ጣፋጭ የሚሆነው፤ ለዚህም ነው ሲቸኵሉበት ምላስ የሚለበልበው፥ ራቁቱን ላለው አዲስ እንጨትም አደጋ የሚሆነው። ይሁን እንጂ ፈጽሞ ሊጣል አይገባም፤ ጥቂት ስኳር ሲነድ ቀልጦ ስለሚጣበቅ፥ የበርሊው ደረቅ ከሰል ከግድግዳው እንዳይረግፍ አያይዞ ይይዘዋል። ብዛቱ ይጐዳል፥ ማነሱ ግን ይጠቅማል።

ከቅመሙ ውጪ ሊሆኑ ከሚገባቸው መካከል አንደኛው ላታኪያ ነው፤ ይህን የምለው ላታኪያን ጠልቼ ሳይሆን በጣም ስለማከብረው ነው። ይህ ቅጠል በሶርያ ካለችው የወደብ ከተማ ስሙን ያገኘ ሲሆን፥ ኋላ ግን አብዛኛው ከቆጵሮስ ደሴት ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያ በዝግ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ መዓዛ ካላቸው እንጨቶችና ቍጥቋጦዎች በሚወጣ ጢስ ብዙ ጊዜ ይታጠናል፥ እስኪጠቍርም ድረስ ጢሱን ይጠጣል። ክዳኑን የከፈተ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው የዕጣንና የታጠነ ቆዳ ሽታ ነው፤ ግርማ ያለው መዓዛ ነው፥ ቀዝቅዞም ይነዳል። ታዲያ በቃጠሎው ጠባይ ነቀፋ የሌለበት ከሆነ ለማሟሻ ለምን አይሆንም? ምክንያቱ ከጢስ የተቀበለው ዘይት ከእንጨቱ ቀዳዳ ገብቶ ስለሚቀር ነው። አሮጌ ፒፓ በከሰሉ መጋረጃ ይከላከላል፤ አዲሱ ግን መከላከያ ስለሌለው የላታኪያን ሽታ ከነሙሉ ኀይሉ ይጠጣዋል፥ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ለስላሳ ቨርጂንያ ሊያጨስበት በፈለገ ቍጥር የቀድሞው እንግዳ ከግድግዳው ይወጣበታል። ፒፓውን ለዘወትር ለላታኪያ የመደበ ሰው ካለ ግን ይህን ምክር ሊተወው ይችላል።

በሉዊዝያና በሴንት ጄምስ አውራጃ በውስኪ በርሜል ተጭኖ፥ እየወጣና ተመልሶ እየታመቀ ቢያንስ አንድ ዓመት የሚብላላው ፔሪክም እንዲሁ ጥቂቱ ለብዙ የሚበቃ ብርቱ ቅጠል ስለ ሆነ ቦታው ሌላ ነው። ቫኒላና ፍራፍሬ እንዲሸት በጣፋጭ ፈሳሽ የተነከረው ሁሉ ደግሞ የከፋ ነው፤ ርጥበቱ ገና መከላከያ የሌለውን እንጨት በእንፋሎት ይቀቅለዋል፥ ከታችም አተላ ይተዋል። የመደብር ሻጮች ለጀማሪ ሽታው ያማረውን መርጠው መስጠታቸው እጅግ ያሳዝነኛል፤ አዲስ ፒፓና ርጥብ ትምባሆ በአንድ ጊዜ የገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም በሳምንት ውስጥ ይጥላቸዋል።

እንግዲህ ወደ ቅመማው እንምጣ። 50 ግራም የማሟሻ ትምባሆ ለማዘጋጀት 35 ግራም በርሊ፥ 10 ግራም ቨርጂንያ፥ 5 ግራም ደግሞ ከምሥራቁ ትናንሽ ቅጠሎች አንዱን፥ ባስማን ወይም የኢዝሚርን ትምባሆ፥ መመዘን በእኔ አስተያየት የተሻለው ልክ ነው። የምሥራቁ ቅጠል በፀሐይ የደረቀ፥ በቀላሉ የሚያያዝ ስለ ሆነ፥ እሳቱ ዳር ዳር ላይ እየጠፋ አጫሹ ደጋግሞ በክብሪት እንዳያስቸግረው ይረዳል፤ ከዚህ ሌላ ለአጫሹም ጥቂት መዓዛ መስጠት አይከለከልም። በርሊው ምንም ጣፋጭ ነገር ያልተጨመረበት መሆን አለበት። አከታተፉም ይታሰብበታል፤ በቀጭኑ እንደ ክር የተከተፈ ቶሎ ነድዶ ያግላል፥ ኩብ ኩብ ሆኖ የተከተፈው ደግሞ ቀስ ብሎ ይነዳል እንጂ ለማቀጣጠል ያስቸግራል፤ ስለዚህ ከበርሊው ከሦስት አንዱን እጅ በኩብ፥ የቀረውን መካከለኛ ስፋት ባለው ክትፍ ማድረግ ይበጃል።

ሦስቱን ቅጠሎች በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ ለየብቻ ዘርግቶ ማፍታታት የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ተጣብቆ የመጣውን በሁለት መዳፍ መካከል ሳይጫኑ እያሹ ይለያዩታል፥ ወፍራም የቅጠል ሥር ካለበትም ይለቀማል። ቨርጂንያው ብዙ ጊዜ ከበርሊው ይልቅ ርጥብ ሆኖ ይገኛል፤ በጣቶች መካከል ጥቂቱን ጨምቆ ሲለቁት ተጣብቆ ከቀረ ውሃው በዝቷል፥ ከተሰባበረ ደርቋል፤ ቀስ እያለ ከተፈታ ደግሞ ደርሷል። የበዛበትን ርጥበት ነፋሻ ስፍራ አስጥቶ ማቅለል ነው እንጂ እሳት ማሳየት አይገባም። ከዚያ በኋላ በርሊውን ከሥር አንጥፎ፥ ቨርጂንያውን በላዩ በትኖ፥ የምሥራቁን ቅጠል በመጨረሻ ጨምሮ፥ ከታች ወደ ላይ እያነሡ በዝግታ ማገላበጥ ነው፤ የተጨማለቀ ወይም ከአንድ ወገን የተከማቸ ቅጠል በኋላ በፒፓው ውስጥ ያልተስተካከለ እሳት ይሆናል፥ ያልተስተካከለ እሳትም በአንድ ወገን ብቻ የወፈረ ከሰል ይሠራል። የተቀየጠው ትምባሆ ክዳኑ በሚገባ በሚዘጋ ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ርጥቡ ለደረቁ እየሰጠ፥ ሁሉም በአንድ ልክ ይሆናሉ። ቅመሙ ከወጣ በኋላ ልኩን በወረቀት ጽፎ በማሰሮው ላይ መለጠፍ መልካም ልማድ ነው፤ ደንሂል በ1907 ዓ.ም. በለንደን በዱክ ጎዳና መደብሩን ከከፈተ ጀምሮ ለየደንበኛው የተቀመመውን ትምባሆ ከነልኩ በመዝገብ እየጻፈ ማኖሩ ለቤቱ ዝና ዋና ምክንያት ሆኗል፤ ቍጥራቸውም እንደ ስም ሆኖ የቀረ ቅመሞች አሉ።

የመጀመሪያው ሙሌት የፒፓውን ሆድ ሢሶውን ብቻ የሚይዝ ይሁን። ሰው ሁሉ የሚያጨሰው ከላይ ጀምሮ ስለ ሆነና ብዙዎች ከመጨረሻው ሳይደርሱ ስለሚተዉት፥ የሆዱ ሥር ለዘወትር ራቁቱን ይቀራል፤ ውሃውም የሚጠራቀመው በዚያ ስለ ሆነ እንጨቱ ከሥሩ ይበሰብሳል ወይም ይቃጠላል። በሢሶ የተጀመረ ፒፓ ግን ከሥር ወደ ላይ ይለበጣል። ትምባሆው ከታች ልል፥ ከላይ ጥቂት ጠበቅ ብሎ ይሞላ፤ ሳይለኰስ ሲስቡት አየሩ በቀላል ተቃውሞ ሊመጣ ይገባል። ክብሪቱ ሲጫር በፊት ድኙ ነድዶ እስኪያልቅ ይጠበቅ፥ ከዚያም ነበልባሉ በትምባሆው ፊት ላይ ብቻ እየተዞረ፥ የፒፓውን ከንፈር ሳይነካ ይያዝ። በመጀመሪያው ልኰሳ ቅጠሉ ሕይወት ያለው ይመስል እየተጠማዘዘ ይነሣል፤ ይህን በመጠቅጠቂያው ቀስ አድርጎ አስተኝቶ ሁለተኛ መለኰስ ነው፤ እውነተኛው እሳት ይህ ሁለተኛው ነው።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። ሲስቡት ረጋ ብሎ፥ ፍሙ ሊጠፋ እስኪል እያዘገዩ፥ ፒፓውንም አልፎ አልፎ ከጉንጭ ላይ እያሳረፉ ግለቱን መለካት ይገባል፤ በጉንጭ ላይ ሊታገሡት ካልቻሉ እንጨቱም አልቻለውምና ወዲያው ማሳረፍ ነው፥ ጠፍቶ ቢገኝ እንደ ገና መለኰስ ጥፋት አይደለም። የትምባሆ ያልሆነ፥ የሚነድ እንጨት ሽታ ከመጣ ያለ ክርክር ትቶ ባዶ ማድረግ ነው። ከመምጠጫው ውስጥ የሚንተገተግ ድምፅ ከተሰማ ውሃ ተጠራቅሟልና በፒፓ መጥረጊያው ሽቦ ይጠረግ። እስከ መጨረሻው ከነደደ በኋላ አመዱን አራግፎ፥ መምጠጫውን ግን ገና ግሎ ሳለ ሳይነቅሉ፥ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን እንዲያርፍ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ እንጨቱ የጠጣውን ርጥበት መልሶ የሚተነፍሰው በዚህ ጊዜ ነው፥ ርጥቡን ፒፓ ደግሞ መለኰስም ከሁሉ የከፋ የመሰንጠቂያ ምክንያት ነው። በሢሶ ጥቂት ጊዜ፥ ከዚያ በግማሽ፥ ቀጥሎም በሙሉ እየተጨሰ፥ ግድግዳው ከሥር እስከ አፍ አንድ ወጥ ጥቍር ሲሆን የማሟሻው ትምባሆ ሥራ እየተፈጸመ ነው።

በዚህ ነገር ላይ በአጫሾች መካከል የቈየ ክርክር አለ። አንዳንዶች የአዲሱን ፒፓ ሆድ ከመሙላታቸው በፊት በማር ይቀቡታል፥ ከሰሉ ቶሎ ይይዛል ብለው ነው፤ አዎን፥ ቶሎ ይይዛል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ የተቃጠለ ማር አብጦና እንደ ሰፍነግ ሆኖ ስለሚቀመጥ፥ በላዩ የተሠራው ሁሉ አብሮት ሊረግፍ ይችላል፤ ስለዚህ እኔ አልመክረውም። ብዙ ፋብሪካዎች ደግሞ ፒፓውን ከመሸጣቸው በፊት ውስጡን በከሰል ዱቄት በተሠራ ልባጥ ይቀቡታል። ይህን ልባጥ የሚጠሉ አሉ፤ የእንጨቱን ስንጥቅ ለመሸፈን ነው ይላሉ፤ እንጨቱ እንዳይተነፍስም ያግደዋል ይላሉ። ለእኔ ግን ለጀማሪ እጅ ጥሩ መከላከያ ሆኖ ይታየኛል፥ የገዛ ከሰሉ እስኪሠራ ድረስ የሚጠብቅ ሞግዚት ነውና፤ በጠራቢ ስም የታወቀና ውድ በሆነ ፒፓ ውስጥ ሲገኝ ግን ገዢው እንጨቱን ዐይቶ የመግዛት መብት አለውና ራቁቱን መሆኑ ይሻላል።

የከሰሉ ሽፋን የሳንቲም ውፍረት ያህል፥ ይኸውም ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ሲደርስ፥ ከዚህ በላይ እንዲወፍር መተው አይገባም። ከሰልና እንጨት ሲግሉ የሚለጠጡት በአንድ ልክ ስላልሆነ፥ የወፈረው ከሰል ከውስጥ እየገፋ ፒፓውን ይሰነጥቀዋል፤ ይህን አደጋ ያላወቁ ሰዎች ሆዱ ጣት እስከማያስገባ ድረስ ጠቦ የቀረ ፒፓ እንደ ክብር ምልክት ይዘው ሲዞሩ ይታያሉ። ትርፉ የሚፋቀው ለዚሁ በተሠራው ክብ መፋቂያ እንጂ በሰንጢ አይደለም፤ የሰንጢ ጫፍ የሆዱን ሥር ይበሳል። በሚፋቅበትም ጊዜ እስከ እንጨቱ ድረስ ሳይሆን ስስ ሽፋን እስኪቀር ብቻ ነው። ሽፋኑ በልኩ ከተሠራ በኋላ አጫሹ ወደሚወደው ትምባሆ፥ ቨርጂንያም ቢሆን ላታኪያም ቢሆን፥ በነጻነት ሊሻገር ይችላል፤ ሁለት ፒፓ ያለው ሰው ግን አንዱን ለታጠነው፥ ሌላውን ላልታጠነው ትምባሆ ቢለይ ከብዙ ቅርታ ይድናል።

ከማሰሮው የተረፈ የማሟሻ ትምባሆ ካለ አይጣል። ከአባት ወይም ከአያት የተወረሰ፥ በውስጡ የብዙ ዓመት ከሰል የወፈረበት ፒፓ በሚያጋጥም ጊዜ፥ ከሰሉ በጥንቃቄ ተፍቆ፥ መምጠጫውና የጢሱ መንገድ በአልኮል በረጠበ ሽቦ ተጠርጎ፥ ጥቂት ቀን ሲደርቅ ከቈየ በኋላ፥ በዚሁ ቅመም በግማሽ ሙሌት ጥቂት ጊዜ ማጨስ የቀጠነውን ሽፋን እንደ ገና ያስተካክለዋል፤ ሙሉውን ሙሌትና ሌላውን ትምባሆ ከዚያ በኋላ ማስከተል ይቻላል።